የአረብ ብረት ዝለትና የኩሽኔታ ዕድሜ

በጥገና ሠራተኞች ዘንድ «ኩሽኔታ» እየተባለ የሚጠራው የማሽን ክፍል ስሙን ያገኘው ከጣሊያንኛ ሲሆን፣ የቃሉ መነሻ ትርጉም «ትንሽ ትራስ» ማለት ነው። የሚሽከረከር ዘንግ ጭነቱን አሳርፎ የሚተኛበት ይኸው ዕቃ ስለሆነ ስያሜው ተስማሚ ነው። ትራሱ ግን ለስላሳ አይደለም። የኳስ ኩሽኔታ የሚሠራው እጅግ ጠንካራ ከሆነ አረብ ብረት ነው። ውስጠኛና ውጭኛ ሁለት ቀለበቶች፣ በመካከላቸው የሚንከባለሉ ኳሶች፣ ኳሶቹን አራርቆ የሚይዝ ቤት፣ እንዲሁም ቀጭን የዘይት ወይም የግራሶ ሽፋን ይኖሩታል።

ይህ ጠንካራ ብረት በትክክል ተገጥሞ፣ ግራሶው ሳይጓደል፣ ከአቧራና ከውሃ ተጠብቆ፣ ከተፈቀደለት ጭነት በታች ሲሠራ ቢኖርም እንኳ፣ አንድ ቀን ኳሱ ከሚሄድበት ቦይ ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት ያለ ስስ ስባሪ ሊነቀል ይችላል። ከዚያ በኋላ ማሽኑ ይንጫጫል፤ ዘንጉ ይርገበገባል፤ ጉዳዩ በቸልታ ከታለፈም ኩሽኔታው ይቆልፋል ወይም ይበታተናል። እንግዲህ ብረቱ ለምን ይቆስላል? መቼ ይቆስላል? ከቆሰለስ በኋላ ምን ያህል ጊዜ ይቀረዋል? እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች በአንድ ዘመን የተነሡ አይደሉም። የመጀመሪያው የ19ኛው መቶ ዘመን፣ ሁለተኛው የ20ኛው መቶ ዘመን መካከለኛ ዓመታት፣ ሦስተኛው ደግሞ ከሁሉ የዘገየ ጥያቄ ነው። የመልሶቹን አመጣጥ መመልከት፣ ዛሬ በካታሎግ ላይ የሚነበበው «የኩሽኔታ ዕድሜ» ምን እንደሚልና ምን እንደማይል ለይቶ ለማወቅ ይረዳል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሐዲድ ላይ የመጣ ትምህርት

የብረት ዝለት ጥናት የተጀመረው በኩሽኔታ ሳይሆን በባቡር አክስል ነው። በ1842 በሜይ ወር ከቬርሳይ ወደ ፓሪስ በመመለስ ላይ የነበረ ባቡር የፊተኛው ሎኮሞቲቭ አክስል ተሰበረና ተከታዮቹ ፉርጎዎች ተደራርበው በእሳት ተያያዙ። የፉርጎዎቹ በሮች ተቆልፈው ስለነበር ከ50 የሚበልጡ መንገደኞች አለቁ፤ ከሟቾቹም መካከል ስመ ጥሩው ፈረንሳዊ የባሕር አሳሽ ዱሞን ዱርቪል ይገኝ ነበር። አደጋው የመላውን አውሮፓ መሐንዲሶች አስደነገጠ። በዚያ ዘመን በየሀገሩ ይሰበሩ የነበሩት አክስሎች ከአቅማቸው በላይ ተጭነው አልነበረም፤ ለወራትና ለዓመታት ያለ ችግር ሲሸከሙት በቆዩት በዚያው ጭነት ነበር እንጂ።

የዘመኑ የተለመደ ማብራሪያ «ብረቱ በመንቀጥቀጥ ብዛት ባሕርዩን ለውጦ እንደ ጨው ፍርክስክስ ይሆናል» የሚል ነበር። ስኮትላንዳዊው መሐንዲስ ዊልያም ራንኪን ግን በ1843 ባቀረበው ጽሑፍ ይህን አስተያየት ተቃወመ። የተሰበሩ አክስሎችን መርምሮ፣ ስብራቱ የሚጀምረው የዘንጉ ውፍረት በድንገት ከሚለወጥበት ስለታም ማእዘን እንደሆነና፣ ስንጥቁም ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ እየገባ ጤናማውን ብረት እያሳነሰ እንደሚሄድ አመለከተ። ቀጥሎም የፕሩሺያ የባቡር መሐንዲስ አውጉስት ቮለር ከ1850ዎቹ መጨረሻ እስከ 1870 ድረስ ለሙከራ ባዘጋጃቸው ማሽኖች አክስሎችን ደጋግሞ እያጠፈ፣ የስብራቱን ቀን የሚወስነው የአንድ ጊዜ ጭነት ትልቅነት ሳይሆን ጫናው ከፍና ዝቅ የሚልበት መጠንና የድግግሞሹ ብዛት መሆኑን አስረዳ። ለብረት ደግሞ ጫናው ከአንድ ወሰን በታች ከሆነ ስብራት የማይደርስበት ደረጃ እንዳለ ከሙከራው ተረዳ። በ1903 ኢዊንግና ሃምፍሪ የተባሉ ተመራማሪዎች የስዊድን ብረት በማይክሮስኮፕ ሥር እየተመለከቱ፣ ዝለት የሚጀምረው በብረቱ ቅንጣቶች ውስጥ በሚፈጠሩ ጥቃቅን የመንሸራተት መስመሮች መሆኑንና እነዚህም መስመሮች እየሰፉ ወደ ስንጥቅ እንደሚለወጡ አሳዩ። ብረት ይዝላል የሚለው አባባል ከዚያ ወዲህ ምሳሌያዊ አነጋገር መሆኑ ቀርቶ በዓይን የሚታይ ነገር ሆነ።

የወጣቱ ሄርትዝ ስሌት

ይሁን እንጂ የአክስል ትምህርት ለኩሽኔታ በቀጥታ አልተስማማም። አክስል በሙሉ ርዝመቱ ይታጠፋል፤ ኳስ ግን ቦዩን የሚነካው በነጥብ ነው። ነጥብ ስፋት ከሌለው ግፊቱ ወሰን የለሽ ሊሆን ነው፤ ብረቱም ገና በመጀመሪያው ጭነት መድቀቅ ነበረበት። ይህን እንቆቅልሽ የፈታው ኋላ በኤሌክትሮማግኔታዊ ሞገድ ግኝቱ ዝናው የገነነው ጀርመናዊው ሃይንሪክ ሄርትዝ ነው። ሄርትዝ 24 ዓመት እንኳ ሳይሞላው፣ በ1881 መጀመሪያ በበርሊን የፊዚክስ ማኅበር ፊት ባቀረበው ጥናት፣ ሁለት ጠጣር አካላት ሲጫኑ ነጥቡ ተለጥጦ ትንሽ ክብ ወይም ሞላላ ገጽ እንደሚሆን አስረዳ፤ የዚህንም ገጽ ስፋትና በላዩ ላይ የሚያርፈውን ግፊት የሚያሰላ ቀመር ሰጠ። ለጥናቱ መነሻ የሆነው የመስተዋት ሌንሶች ሲነካኩ ቅርጻቸው እንዴት እንደሚለወጥ የሚለው ጥያቄ እንጂ የማሽን ጉዳይ አልነበረም።

የቀመሩን ክብደት አንድ ምሳሌ ይገልጸዋል። ስፋቱ 10 ሚሊሜትር የሆነ የአረብ ብረት ኳስ በጠፍጣፋ አረብ ብረት ላይ ተቀምጦ 100 ኒውተን፣ ማለት ወደ 10 ኪሎ ግራም በሚጠጋ ክብደት ቢጫን፣ የሚነካካው ገጽ ከዳር እስከ ዳር 0.3 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። በዚህ ገጽ መካከል ላይ ያለው ግፊት ግን በካሬ ሚሊሜትር ወደ 2200 ኒውተን ይደርሳል። አንድ ሕፃን በእጁ ሊያነሣው የሚችለው ሸክም ተራውን የግንባታ ብረት ቅርጹን ሊያስለውጠው የሚችል ግፊት ይፈጥራል ማለት ነው። በሌላ በኩል ግፊቱ የሚያድገው በጭነቱ ኩብ ሥር ልክ ነው፤ ጭነቱ 8 እጥፍ ሲሆን ግፊቱ 2 እጥፍ ብቻ ይሆናል፤ ምክንያቱም ጭነቱ ሲጨምር የሚነካካውም ገጽ አብሮ ይሰፋል።

ከሄርትዝ ሥራ በመነሣት የተገኘው ሌላው ቁም ነገር ለኩሽኔታ ታሪክ ከሁሉ የበለጠ ነው። አንዱን የብረት ንጣፍ በሌላው ላይ ለማንሸራተት የሚገፋው ጫና ከፍተኛ ደረጃ ላይ የሚደርሰው በገጹ ላይ ሳይሆን ከገጹ በታች ነው። በተሰጠው ምሳሌ ጥልቀቱ 0.07 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል። ኳሱ ባለፈ ቁጥር ያ ሥፍራ ይጨመቃል፤ ይላቀቃል፤ የሚንሸራተትበት አቅጣጫም ይገለባበጣል። በደቂቃ 1500 ጊዜ በሚዞር ዘንግ ላይ ይህ በሰዓት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ጊዜ ይደጋገማል። ከላይ ሲታይ ቦዩ እንደ መስተዋት እያበራ፣ ከሥሩ ግን ዝለቱ ሥራውን ይሠራል።

ኳሱን ለሥራ ማብቃት

ኳስን ለመሽከርከር የመጠቀም ሐሳብ አዲስ አልነበረም። ፊሊፕ ቮን የተባለ የዌልስ ሰው በ1794 ለሠረገላ አክስል የኳስ ኩሽኔታ ፓተንት አውጥቷል። በ1869 ከፓሪስ እስከ ሩዋን በተደረገው የብስክሌት ውድድር ያሸነፈው ጄምስ ሙር የነዳት ብስክሌትም የኳስ ኩሽኔታ ነበራት። ነገር ግን ኳሶቹ አንድ ዓይነት መጠን ካልኖራቸው ትልቁ ኳስ የሁሉን ጭነት ብቻውን ስለሚሸከም ዕቃው ለከባድ ሥራ አልበቃም። በ1883 ፍሪድሪክ ፊሸር በጀርመን ሽዋይንፉርት ከተማ ኳሶችን በብዛትና በእኩል መጠን የሚሞርድ ማሽን ሲሠራ ይህ መሰናክል ተወገደ።

ከዚያ በኋላ የቀረው «አንድ ኳስ ምን ያህል ይችላል?» የሚለው ጥያቄ ነበር። ሪካርድ ሽትሪቤክ በበርሊን አጠገብ በኖይባቤልስበርግ ባካሄደው ሙከራ በ1901 መልሱን አቀረበ። የአንድ ኳስ የመሸከም አቅም በስፋቱ ካሬ ልክ እንደሚያድግ፣ በኩሽኔታ ውስጥም ጭነቱ በኳሶቹ ላይ እኩል እንደማይከፋፈልና ከዘንጉ በታች ያለው ኳስ ከሁሉ የበለጠ እንደሚሸከም አረጋገጠ። ለጥንቃቄ ሲባል የአጠቃላዩን ጭነት 5 እጥፍ በኳሶቹ ቁጥር በማካፈል የዚህን ኳስ ድርሻ ማግኘት እንደሚቻል የገለጸበት ሒሳብ ለብዙ ዓመታት የንድፍ ሥራ መነሻ ሆኖ ቆየ። በዚያው ዘመን ከ100 እጅ 1 እጅ ያህል ካርቦንና 1.5 እጅ ያህል ክሮሚየም ያለበት አረብ ብረት የኩሽኔታ ብረት ሆኖ ተመረጠ፤ ዛሬም በዓለም ላይ ከሚሠሩት ኩሽኔታዎች አብዛኞቹ የሚሠሩት ከዚሁ ዓይነት ብረት ነው።

በ1907 ደግሞ በስዊድን ዮተቦርይ ከተማ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጥገና ኃላፊነት የነበረው ስቬን ቪንግኲስት፣ ፋብሪካው የቆመበት የሸክላ አፈር እየተንቀሳቀሰ ዘንጎቹን ከመስመር ስላወጣበትና ኩሽኔታዎቹ ስላልበረከቱለት፣ ከዘንጉ ጋር አብሮ ዘንበል የሚል ባለ ሁለት ረድፍ ኩሽኔታ ሠራ። ከዚህ ሥራ የተወለደው ኤስ ኬ ኤፍ የተባለው ድርጅት፣ ቀጥሎ ለሚተረከው ሁለተኛ ጥያቄ መልስ የተገኘበት ቤት ሆነ።

«ዕድሜ» የሚለው ሐሳብ

እስከ ሽትሪቤክ ድረስ የነበረው አስተሳሰብ የ«ይችላል ወይስ አይችልም» አስተሳሰብ ነበር። ጭነቱ ከተወሰነው በታች ከሆነ ኩሽኔታው ለዘላለም እንደሚኖር ይታሰብ ነበር። ተጠቃሚዎች ግን ከዚህ የተለየ ነገር ያዩ ነበር። አንድ ፋብሪካ በአንድ ቀን፣ ከአንድ ብረት፣ በአንድ ማሽን የሠራቸው ኩሽኔታዎች በአንድ ዓይነት ጭነት ሲሞከሩ፣ ረጅም ዕድሜ ያገኘው አጭር ዕድሜ ካገኘው ከ20 እጥፍ በላይ ሊቆይ ይችላል። ልዩነቱ ከአሠራር ጉድለት የመጣ አይደለም፤ የዝለት ባሕርይ ነው።

የኤስ ኬ ኤፍ መሐንዲስ አርቪድ ፓልምግሬን በ1924 በጀርመን መሐንዲሶች ማኅበር መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ ይህን እውነት ተቀብሎ ከእርሱ ጋር መኖር የሚቻልበትን መንገድ አመለከተ። አንድ ኩሽኔታ ስንት ዓመት ይኖራል ብሎ መተንበይ ስለማይቻል፣ ከ100 ኩሽኔታዎች 90ዎቹ የሚደርሱበትን ዕድሜ መግለጽ ይበቃል አለ። ከዚህም ጋር ጭነቱ በሚለዋወጥበት ሥራ እያንዳንዱ ጭነት ከኩሽኔታው ዕድሜ የድርሻውን እንደሚቀንስና ድርሻዎቹ ሲደመሩ አንድ ሙሉ ሲሆኑ ዕድሜው እንደሚያልቅ የሚገልጽ ሐሳብ አቀረበ። ይህ የድምር ሕግ ከ21 ዓመት በኋላ በአሜሪካዊው ማይነር እንደገና ተገልጾ እስከ ዛሬ ድረስ በሁለቱ ሰዎች ስም ይጠራል።

የሒሳቡን መሠረት የጣለው ሌላው ስዊድናዊ ቫሎዲ ቫይቡል ነው። ቫይቡል በ1939 ባሳተመው የጥንካሬ ጥናት፣ ሰንሰለት የሚበጠሰው ከሁሉ ደካማ በሆነው ቀለበት ላይ እንደሆነ ሁሉ፣ ማንኛውም ጠጣር አካል የሚሰበረው ከውስጡ ደካማ በሆነው ሥፍራ ነው የሚለውን ሐሳብ ወደ ቀመር ለወጠው። ጫና የሚያርፍበት የብረት መጠን በበዛ ቁጥር ደካማ ሥፍራ የመገኘቱ ዕድል ይበዛል። ፓልምግሬን ከፕሮፌሰር ጉስታፍ ሉንድበርይ ጋር ሆኖ፣ የሄርትዝን ግፊት፣ ከገጽ በታች ያለውን የማንሸራተት ጫናና የቫይቡልን የዕድል ሒሳብ በአንድ ላይ በማያያዝ በ1947 የታወቀውን ጥናት አሳተመ። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በ1962 የተቀበለውና እስከ አሁንም በየካታሎጉ የሚገኘው ቀመር ከዚህ የመነጨ ነው።

ቀመሩ ለኳስ ኩሽኔታ እጅግ ቀላል ነው። በካታሎግ የተሰጠው የኩሽኔታ አቅም በጭነቱ ይካፈላል፤ ውጤቱ በራሱ ሦስት ጊዜ ይባዛል፤ የሚገኘው ቁጥር በሚሊዮን ዙር የተገለጸ ዕድሜ ነው። አቅሙ 30 ኪሎ ኒውተን የሆነ ኩሽኔታ 3 ኪሎ ኒውተን ቢጫንበት 1000 ሚሊዮን ዙር ይሰጣል፤ በደቂቃ 1500 ጊዜ ለሚዞር ዘንግ ይህ ከ11000 ሰዓት ጥቂት የሚበልጥ ነው። ጭነቱ በእጥፍ አድጎ 6 ኪሎ ኒውተን ቢሆን ግን ዕድሜው ወደ 1400 ሰዓት ያህል ያሽቆለቁላል። ቀበቶ ከመጠን በላይ በማጥበቅ ወይም ዘንግን ከመስመር ውጭ በመግጠም የሚጨመር የ10 ከመቶ ጭነት እንኳ ከዕድሜው ሩብ ያህሉን ይወስዳል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱበት ነጥብ አለ። የካታሎጉ ዕድሜ የአንድ ኩሽኔታ ዕድሜ አይደለም፤ የብዙ ኩሽኔታዎች ማኅበር ዕድሜ ነው። ከ100ው ውስጥ 10ሩ ከተባለው ቀን በፊት እንደሚቆስሉ ቀመሩ ራሱ ይናገራል፤ ከቀሩትም መካከል ግማሹ ኩሽኔታ የሚቆስልበት አማካይ ዘመን የካታሎጉን ዕድሜ ወደ 5 እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ ሰዓቱ ደርሷል ተብሎ ሁሉም በአንድነት ቢለወጡ፣ ከሚጣሉት አብዛኞቹ ገና ብዙ የሚሠሩ ናቸው፤ ሰዓቱ አልደረሰም ተብሎ በእምነት ቢተውም አሥረኛው ሊከዳ ይችላል። ከዚህም በላይ 10 ኩሽኔታዎች ያሉት ማሽን፣ እያንዳንዱ ኩሽኔታ 90 ከመቶ አስተማማኝ ቢሆን፣ አሥሩም ሳይቆስሉ ያንን ዕድሜ የሚያደርስበት ዕድል 35 ከመቶ ብቻ ነው። የእያንዳንዱ ኩሽኔታ ዋስትና ጥሩ መስሎ እየታየ የማሽኑ ዋስትና ግን ደካማ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሥር ወይስ ከላይ?

የ1947ቱ ጥናት ስንጥቁ የሚወለደው ከገጹ በታች ነው ከሚል መነሻ የተነሣ ነበር። ይህም በዘመኑ ብረት እውነት ነበር። በአየር ላይ የሚቀልጥ አረብ ብረት ኦክሲጅን ስለሚይዝ በውስጡ ጠንካራ የኦክሳይድ ቅንጣቶች ይቀራሉ። ከገጹ በታች ጫናው በሚበረታበት ጥልቀት ላይ እንዲህ ያለ ባዕድ ቅንጣት ከተገኘ፣ በዙሪያው ያለው ብረት ከሌላው ቀድሞ ይዝላል፤ ከዚያ የሚነሣው ስንጥቅ ወደ ገጹ ይወጣና ቅርፊቱን ይነቅላል። ከ1950ዎቹ ጀምሮ የቀለጠውን ብረት ከአየር ባዶ በሆነ ዕቃ ውስጥ ማጣራት ተለመደ፤ ለአውሮፕላን ሞተር የሚሆነው ብረት ደግሞ ሁለት ጊዜ በባዶ አየር ውስጥ እየቀለጠ ይዘጋጅ ጀመር። በጥሩ የኩሽኔታ ብረት ውስጥ የሚገኘው ኦክሲጅንም ከሚሊዮን እጅ 10 እጅ በታች ሆነ። ኩሽኔታዎች ከቀመሩ ትንበያ እጅግ በላይ መኖር ጀመሩ።

የውስጡ ጠላት ሲዳከም ግን የላዩ ጠላት ጎልቶ ታየ። በእርግጥ ከገጽ የሚነሣ ቁስል ቀድሞም ይታወቅ ነበር። አሜሪካዊው ስቱዋርት ዌይ በ1935 ባሳተመው ሙከራ፣ ከገጽ ላይ የሚጀምር ጥቃቅን ስንጥቅ ወደ ጉድጓድ የሚያድገው ዘይት ሲገኝ እንደሆነ፣ በደረቅ የተንከባለሉት ናሙናዎች ግን ያንን ጉድጓድ እንዳላወጡ አሳይቷል። ዘይቱ ወደ ስንጥቁ አፍ ይገባል፤ የሚንከባለለው አካል አፉን ሲዘጋበት በውስጡ ታምቆ ስንጥቁን እንደ ሽብልቅ ይከፍተዋል። የሚያድነው ዘይት ለቆሰለው ገጽ ጠላት ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ዘይት በጤናማ ገጽ ላይ ያለው ሥራ የተብራራው ቆይቶ ነው። እንግሊዛውያኑ ዳውሰንና ሂጊንሰን በ1959 ባወጡት ስሌት፣ ዘይት በኳስና በቦይ መካከል በሚደርስበት ታላቅ ግፊት እጅግ ስለሚወፍር ተጨምቆ እንደማይወጣና፣ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ማይክሮሜትር በማይበልጥ ሽፋን ሁለቱን ብረቶች ለያይቶ እንደሚይዝ አስረዱ። ሽፋኑ ይህን ያህል ቀጭን ከሆነ አንዲት የአቧራ ወይም የብረት ብናኝ ከእርሱ በብዙ እጥፍ ትወፍራለች። ብናኟ በኳሱ ሥር ስታልፍ ትደቅቃለች፤ በቦዩ ላይም ትንሽ ጎድጓዳ ምልክት ትታ ትሄዳለች። በምልክቱ ዙሪያ ባበጠው ከንፈር ላይ ግፊቱ ስለሚበረታ ዝለት ከዚያ ይጀምራል። ሴይልስና ማክፈርሰን በ1982 ባቀረቡት ሙከራ 40 ማይክሮሜትር የነበረውን የዘይት ማጣሪያ 3 ማይክሮሜትር በሚያጣራ ሲተኩት የኩሽኔታው ዕድሜ እስከ 7 እጥፍ አደገ።

ዮአኒደስና ሃሪስ በ1985 ያወጡት አዲስ ቀመር እነዚህን ግኝቶች የተከተለ ነው። በእነርሱ አስተያየት ጫናው ከአንድ ወሰን በታች ከሆነና ዘይቱ ንጹሕ ከሆነ ብረቱ ከቶ ላይዝል ይችላል። ይህ ወሰን በፓልምግሬን የ1924 ቀመር ውስጥ ነበረ፤ በ1947 ተትቶ ነበር፤ አሁን ተመልሶ መጣ። በ2007 በወጣው የዓለም አቀፍ ደረጃ ውስጥም ገብቷል። በናሳ ለረጅም ዘመን የኩሽኔታ ዝለትን ያጠኑት ኤርዊን ዛሬትስኪን የመሳሰሉ ሊቃውንት ግን ለኩሽኔታ ብረት እንዲህ ያለ ወሰን መኖሩ በሙከራ አልተረጋገጠም በማለት ተቃውመውታል። በቮለር ዘመን ለአክስል የተነሣው ጥያቄ ለኳስ ገና መቋጫ አላገኘም።

ጉድጓድ ሁሉ የዝለት ቁስል አለመሆኑንም መዘንጋት አይገባም። በ1930ዎቹ በአሜሪካ በባቡር ተጭነው ይጓዙ የነበሩ አዳዲስ መኪናዎች ገና ሳይነዱ የጎማ ኩሽኔታቸው ተበላሽቶ ይገኝ ነበር። አልመን በ1937 እንዳስረዳው፣ ቆሞ የሚንቀጠቀጥ ኩሽኔታ ኳሶቹ በአንድ ቦታ ወዲያና ወዲህ እያሻሹ ዘይቱን ስለሚያባርሩ፣ ቦዩ በኳሶቹ ርቀት ልክ ይቦረቦራል። በመጠባበቂያነት ሥራ ፈትቶ፣ ከሚሠራ ማሽን አጠገብ በአንድ ወለል ላይ የሚቆም ሞተርም ለዚሁ አደጋ የተጋለጠ ነው፤ ዘንጉን በየጊዜው ማዞር የሚመከረውም ስለዚህ ነው።

ቁስሉ ከተከፈተ በኋላ

የሉንድበርይና የፓልምግሬን ዕድሜ የሚያልቀው የመጀመሪያው ቅርፊት በተነቀለ ጊዜ ነው። በላቦራቶሪም ሙከራው የሚቆመው በዚያው ሰዓት ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላ የሚሆነው ለረጅም ጊዜ የተመራማሪዎችን ትኩረት አልሳበም። በሥራ ላይ ላለ ማሽን ግን ትልቁ ጥያቄ የሚጀምረው እዚያ ነው። በአየር ላይ ያለ ሄሊኮፕተር፣ ምርት ላይ ያለ ወፍጮ፣ መለዋወጫው ገና ያልደረሰለት የውሃ ፓምፕ፣ ቁስሉ ከተከፈተ በኋላ ስንት ሰዓት ይቀረዋል?

የቁስሉ አስተዳደግ የራሱ ሥርዓት አለው። ኳሱ ጉድጓዱ ላይ ሲደርስ የሚሸከመው ጭነት ለቅጽበት ወደ ጎረቤት ኳሶች ይተላለፋል፤ ኳሱም ተሻግሮ የጉድጓዱን ማዶ ከንፈር ይመታል። በዚያ ከንፈር ሥር አዲስ ስንጥቅ ይፈጠራል፤ ሌላ ቅርፊት ይነቀላል፤ ቁስሉም ኳሱ በሚሄድበት አቅጣጫ እየረዘመ ይሄዳል። የተነቀሉት ቅርፊቶች ደግሞ በሌሎቹ ኳሶችና በሌላው ቀለበት ላይ እየተደቆሱ አዳዲስ ምልክቶችን ይተዋሉ። ኮትዛላስና ሃሪስ በ2001፣ የአሜሪካ አየር ኃይል ተመራማሪዎችም በ2009 ባሳተሟቸው ሥራዎች ይህንኑ ሁለተኛ ዘመን በተለይ አጥንተዋል። እድገቱ በመጀመሪያ ዝግ ያለ ሆኖ በኋላ እየፈጠነ እንደሚሄድ፣ ፍጥነቱም በጭነቱና በብረቱ ዓይነት እንደሚለያይ ታይቷል።

ይህንን ዘመን ከውጭ ሆኖ መከታተል ይቻላል። የጥገና ሰው ካቻቢቴ በኩሽኔታው ቤት ላይ አስደግፎ እጀታውን በጆሮው ላይ በማድረግ የሚያዳምጠው ድምፅ፣ መሣሪያው በቁጥር የሚያነበው ያው ንዝረት ነው። ቁስሉ በውጭኛው ቀለበት ላይ ከሆነ ኳሶቹ በዘንጉ አንድ ዙር የኳሶቹን ቁጥር ወደ 0.4 እጅ የሚጠጋ ጊዜ ይመቱታል፤ በውስጠኛው ላይ ከሆነ ወደ 0.6 እጅ ይጠጋል። 8 ኳስ ባለውና በደቂቃ 1500 ጊዜ በሚዞር ኩሽኔታ ይህ በሴኮንድ ወደ 80 እና ወደ 120 ምት ይሆናል። ማክፋደንና ስሚዝ በ1984 ባወጡት ጥናት እንደተብራራው፣ እያንዳንዱ ምት የማሽኑን አካል እንደ ደወል ስለሚያስተጋባ፣ ያንን ከፍተኛ ድምፅ ለይቶ በማውጣት ቁስሉ የትኛው ቀለበት ላይ እንዳለ መናገር ይቻላል።

አንድ አሳሳች ምልክት ግን አለ። የቁስሉ ስለታም ከንፈር በኳሶቹ ምት እየተደመደመ ሲሄድ ጩኸቱ ለጊዜው ሊቀንስ ይችላል። ይህን እንደ መዳን መቁጠር አደገኛ ነው፤ የኩሽኔታ ቁስል አይድንም። ድምፁ ዝቅ ባለበት ጊዜ ቁስሉ እየሰፋ ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣውም ጩኸት ከመጀመሪያው የከፋ ነው።

ለጥገና ሰው የሚተርፈው

ከራንኪን እስከ ዛሬ የተደረገው ጥናት አንድን ነገር ደረጃ በደረጃ ገልጿል። ብረት ሟች ነው፤ የሞቱም ቀን ለአንድ ኩሽኔታ አይታወቅም፤ ለብዙዎቹ በአንድነት ግን ይገመታል። የዕድሜ ቀመር ለነዳፊው፣ ለግዥ ክፍልና ለመለዋወጫ ዕቃ ግምጃ ቤት ይጠቅማል፤ ብዙ ኩሽኔታዎችን በአንድነት የሚያስቡት እነርሱ ናቸውና። በማሽኑ አጠገብ የቆመው ሰው ግን ከፊቱ ያለው አንድ ኩሽኔታ ነው። ለዚህ ሰው ቀመሩ ስለ ዕለቱ የሚነግረው ነገር የለም፤ የሚነግረው ንዝረቱ፣ ሙቀቱና በዘይቱ ውስጥ የሚገኘው ብናኝ ነው። የሁለቱን ዕውቀት ድርሻ አለመለየት በአንድ በኩል ጤነኛ ዕቃን በከንቱ ያስጥላል፤ በሌላ በኩል የታመመውን እስኪበታተን ያስጠብቃል።

ከማሽን የወጣ ኩሽኔታም ወደ ቁራጭ ብረት ክምር ከመጣሉ በፊት ተከፍቶ ሊታይ ይገባዋል። ቁስሉ ጭነት በሚያርፍበት አቅጣጫ ብቻ ከሆነና የቀረው ቦይ እያበራ ከተገኘ ዕድሜውን ጨርሶ ነው። ጥቃቅን ጎድጓዳ ምልክቶች በየቦታው ከተዘሩበት ቆሻሻ ገብቶበታል። በኳሶች ርቀት ልክ የተሰለፉ ቡርቡሮች ቆሞ መንቀጥቀጡን፣ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ሰያፍ የሄደ የኳስ ዱካ ዘንጉ ወይም ቤቱ ከመስመር መውጣቱን ያመለክታሉ። መንሥኤው ሳይታወቅ በቦታው የሚገባው አዲስ ኩሽኔታ፣ ብረቱ የቱንም ያህል የጠራ ቢሆን፣ የአሮጌውን ዕጣ ይጋራል። ምርመራው ቀለበቱን ለመክፈት፣ በነዳጅ ለማጠብና በብርሃን ፊት በአጉሊ መነጽር ለመመልከት ከሚበቃ ጥቂት ጊዜ በላይ አይጠይቅም።